ከሐይቅ መጻሕፍት የሚቀድም ቅጂ

አባቴ «ልቤን ይሞረሙረኛል» እያለ ነው ያለፈው። ልቤን ይበል እንጂ እጁን የሚያሳርፈው ከእምብርቱ በላይ፣ ከጎድኑ ሥር ነበር። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነቃና መደቡ ላይ ጉልበቱን አቅፎ ይቀመጣል። እናቴ ከሞሰቡ የተረፈ እንጀራ ታወጣለታለች፤ ሲቀምስ ቀለል ይለውና እስኪነጋ ያሸልባል። በመጨረሻው ክረምት ሰገራው እንደ ቅጥራን ጠቆረ። ነውር ሆኖበት ለማንም ሳይናገር ሦስት ቀን ቆየ፤ በአራተኛው ቀን ደም አስመልሶ ሞተ። 1964 ዓ.ም. ነበር፤ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ።

አድጌ የላብራቶሪ ሰው ሆንኩ። ሐይቅና አምባሰል ውስጥ 40 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሰገራና ደም ስመረምር ኖሬ አሁን ጡረተኛ ነኝ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ በሥራ ዘመኔ ማብቂያ ላይ አንድ የአምባሰል ገበሬ የጠየቀኝ ጥያቄ ነው። ወረቀቱ ላይ «ኤች ፓይሎሪ ፖዘቲቭ» ብዬ ስሰጠው፣ «ጋሼ፣ አባቴም ወንድሜም የተሠቃዩት በዚሁ ነው፤ ከየት ነው የመጣብን?» አለኝ። ከኋላው ወረፋው በሩን አልፎ ነበርና «ከውሃ» ብዬ ሸኘሁት። ሐሰት አልነገርኩትም፤ ግን ያቺ ቃል ለጥያቄው ታንሳለች።

እናቴ ለዚህ ሕመም የነበራት መድኃኒት አብሽ ነው። አሠራሩን እስከ ዛሬ እጄ ያውቀዋል። ዱቄቱ ማታ በጣባ ይዘፈዘፋል። ጠዋት ከላይ የቆመው ቢጫ ውሃ ይደፋና ሌላ ይጨመራል፤ ምሬቱ እስኪለቅ ሦስት አራት ጊዜ። ከዚያ ከሥር የቀረው ሊጥ በመዳፍ ይመታል፤ ክንድ እስኪዝል ይመታል። ቢጫነቱ ቀስ በቀስ እየነጣ፣ እየተነፋ፣ አንድ እፍኝ የነበረው ጣባውን ሞልቶ ነጭ አረፋ ይሆናል። ማር ጠብ ይደረግበትና በባዶ ሆድ ይጠጣል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በረመዳን ለማፍጠሪያ ስለሚያዘጋጁት፣ በዚያ ወር የአባቴ ድርሻ በልጆች እጅ ይላክልን ነበር። አብሽ በሌለ ጊዜ ተልባ አለ፤ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ። ልጋጉ ቁስሉ ላይ ይለጠፋል ይባላል። ያስታግሳል፣ ልክ ነው፤ ሌሊቱን ያሳልፋል።

ኮሶ ሌላ ነው። በዚህ አገር ስለ ሆድ መድኃኒት ሲወራ ፈረንጆች መጀመሪያ የሚያነሡት እሱን ነው። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሕዝብ በየጊዜው ኮሶ ይጠጣ እንደነበር ከጀምስ ብሩስ ጀምሮ የመጡ ብዙ መንገደኞች ጽፈዋል፤ በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶችም አበባውን እያስመጡ ይሸጡ ነበር። ኮሶ ትሉን ያወርዳል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ለሚቀሰቅስ ሕመም ግን አይሆንም፤ እንዲያውም ሆድን ይበጠብጣል። አባቴ «መቼም ትል ይሆናል» ተብሎ ሁለት ጊዜ ጠጥቶት ሁለቱንም ጊዜ ብሶበት አልጋ ላይ ወድቋል።

የሕመሙን ምክንያት ፍለጋ ግን ሩቅ አንሄድም ነበር። ቋንቋችን ራሱ መልሱን ይዞ ተቀምጧል፤ ያናደደን ሰው «ጨጓራዬን ላጠው» እንላለን፣ ነገረኛ ሰው «ጨጓራ አቃጣይ» ነው። ስለዚህ አባቴ የታመመው በመሬት ሙግት ሲናደድ ኖሮ ነው ተባለ። አንዱ ጾም ያበዛል አለ፣ ሌላው በርበሬ፣ ሌላው አረቄ። አጠገባችን የሚኖሩት ሼህ አረቄ የሚባል በአፋቸው ዞሮ አያውቅም፣ ከሰው ጋርም ተካሰው አያውቁም፤ ግን እንደ አባቴው ሌሊት ሲነሡ ኩራዛቸው በግድግዳው ስንጥቅ ይታየን ነበር። ሁለቱን ያገናዘበ ሰው አልነበረም።

ሐኪሞችም ቢሆኑ ከእኛ ብዙ አልራቁም። የ20ኛው መቶ ዘመን ሕክምና አብዛኛውን ዕድሜውን የጨረሰው አሲዱን ሲከስ ነው። ወተት ጠጡ፣ አትናደዱ፣ ቅመም ተዉ፤ ካልሆነ ጨጓራው ይቆረጣል ወይም አሲድ የሚያዝዘው ነርቭ ይበጠሳል። እኛ ዘንድ የደረሰው እንደ ኖራ የነጣ፣ የሚታኘክ ክኒን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሜቲዲን ለገበያ ሲቀርብ በእርግጥ ትልቅ ነገር ነበር፤ ቁስሉ ይሽራል። ሲያቋርጡት ተመልሶ ይመጣል። አዲስ አበባ ላይ የጨጓራን ውስጥ በቱቦ ማየት ተጀምሮ፣ ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ በዚህ መንገድ የታዩ ኢትዮጵያውያን ሕሙማንን የሚመለከት ጥናታቸውን እ.ኤ.አ. በ1981 አሳተሙ። ኢንዶስኮፒ የሚሉት ነገር በወሎ ገበሬ ጉሮሮ ለመግባት ግን ገና ብዙ ዓመት ቀርቶት ነበር። እኔ በዚያ ዘመን የምሠራበት ማይክሮስኮፕ መብራት አልነበረውም፤ በመስኮት የሚገባውን ፀሐይ በመስታወት እየያዝኩ ነው ጃርዲያና አሜባ የምፈልገው። ደመና ከሆነ ምርመራ የለም።

ቀጥሎ የምነግራችሁ ታሪክ የላብራቶሪ ሰው ስለሆንኩ ይበልጥ ይነካኛል። አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ከተማ፣ ሮቢን ዋረን የሚባል ፓቶሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1979 ከጨጓራ በተወሰደ ቅንጣት ላይ ጥምዝምዝ ባክቴሪያ አየ። አሲድ ውስጥ ባክቴሪያ አይኖርም ተብሎ ይታመን ስለነበር የሚሰማው አላገኘም። ቤሪ ማርሻል የሚባል ወጣት ሐኪም አብሮት ሆነና ባክቴሪያውን በሳህን ላይ ለማብቀል ሞከሩ። ከ30 በላይ ናሙና ባዶ ሆነ። ምክንያቱ ቀላል ነበር፤ የላብራቶሪው ልማድ ሳህኑን በሁለተኛው ቀን አይቶ፣ ምንም ከሌለው መጣል ነው። በ1982 የፈረንጆች ፋሲካ ግን በዓሉ ረዘመ፣ ሥራም በዝቶ ነበር፤ ሳህኖቹ ሳይነኩ አምስት ቀን ገደማ ማሞቂያው ውስጥ ሰነበቱ። ሲወጡ ባክቴሪያው፣ በኋላ ኤች ፓይሎሪ የተባለው፣ በቅሎ ተገኘ። ለካ ዝግተኛ ነው። እኔም ብሆን በሁለተኛው ቀን እጥለው ነበር፤ ያለ ጥርጥር እጥለው ነበር። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን በጥብጦ ጠጣው። በሳምንት ውስጥ ማስመለስ ጀመረ፣ በአሥረኛው ቀን ጨጓራው ተቆጥቶ ታየ። በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ያን ጊዜ ነገሩ ያለቀ መስሎ ነበር፤ ጥፋተኛው ተያዘ። አላለቀም። ሰው በየአገሩ ሲመረመር ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ይህን ባክቴሪያ ይዞ ተገኘ። ኢትዮጵያ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች አንድ ላይ ሲደመሩም ከግማሽ በላይ ነው። ቁስለት የሚይዘው ደግሞ ከተሸካሚዎቹ ከ10 አንዱ ቢሆን ነው። ታዲያ ዘጠኙን ምን አዳናቸው?

መልሱ የመጣው ከባክቴሪያው ጂን ነው። ኤች ፓይሎሪ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ጠባዩ ብዙ ነው። አንዳንዱ 40,000 ያህል ፊደል የሚረዝም የጂኖች ሰፈር አለው፤ «ካግ» ይሉታል። በዚያ ሰፈር ያሉት ጂኖች በአንድነት መርፌ የመሰለ መውጊያ ይሠራሉ። ባክቴሪያው በዚያ መርፌ «ካግ-ኤ» የሚባለውን ፕሮቲን ወደ ጨጓራ ሴል ይወጋል፤ ፕሮቲኑ ሴሉን ከጎረቤቱ ጋር ያሰረውን ማሰሪያ ያላላል፣ ቁጣ ይቀሰቅሳል። «ቫክ-ኤ» የሚሉት ሁለተኛ መርዝ አለ፤ ሴሉን በባዶ ከረጢቶች ይሞላዋል። የቫክ-ኤ ጂን ሁሉም ጋ ይገኛል፤ ሆኖም የአንዳንዱ አጻጻፍ መርዙን ያሠራል፣ የሌላው ያሰንፈዋል። ካግ ያለውና ቫክ-ኤው ኃይለኛ የሆነው ዘር ቁስለት ካለባቸው ሰዎች ዘንድ ይበዛል። የጨጓራው መውጫ አካባቢ ሲቆጣ አሲድ ይበዛል፣ የበዛው አሲድ ወርዶ ቀጣዩን አንጀት ያቆስላል። አባቴ እህል ሲቀምስ የሚቀለው፣ ሌሊት የሚብሰው፣ እንዲህ ያለው ቁስለት ጠባዩ ስለሆነ ነው። አሲዱን የከሰሱት ሰዎች ጨርሰው አልተሳሳቱም ማለት ነው፤ ከአሲዱ በስተጀርባ የቆመውን አላዩትም እንጂ።

ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በሆድ ሕመም ከመጡ ሰዎች ጨጓራ የተወሰደ ናሙና ለእነዚሁ ሁለት ጂኖች ተመርምሮ፣ በዳንኤል አስራትና ባልደረቦቻቸው ስም እ.ኤ.አ. በ2004 ታትሟል። ካግ-ኤ በአብዛኞቹ ላይ ተገኝቷል። እኛ ዘንድ ያለው ዘር ለስላሳ አይደለም።

አሁን ወደ ገበሬው ጥያቄ ልመለስ። ለዚህ በልጅነቴ የማውቀው ገዳም ይረዳኛል።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በአንድ ወገን ብቻ ከየብስ በተያያዘች መሬት ላይ ነው ያለው፤ ድሮ ደሴት ነበር። ሴት አይገባም፤ እናቴ በሩ ላይ ስትቆም እኔ ከአጎቴ ጋር እገባ ነበር። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ገዳሙን ካደራጁ በኋላ ቦታው የትምህርትና የመጻሕፍት አገር ሆነ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩት እዚሁ ነው። ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈ ሲሆን ዘመናቸው ከሚታወቅ ቀደምት የብራና መጻሕፍታችን አንዱ ነው። አጎቴ ቁም ጸሐፊ ነበር። የመቃ ብዕሩን እየቀረጸ አንድ ነገር ያጫውተኝ ነበር፤ ጸሐፊ ሲደክመው ዐይኑ ይዘላል። አንድ ቃል ሁለት መሥመር ላይ ካለ ከላይኛው ወደ ታችኛው ይሻገርና መካከሉን ይገድፋል። ወይም በሐመሩ ሐ ፋንታ ሃሌታውን ሀ ያስገባል። ከዚያ መጽሐፍ የሚቀዳው ሁሉ ያንኑ ግድፈት ይወርሳል። «ሁለት ዳዊት አንድ ዓይነት ስሕተት ካለባቸው አባታቸው አንድ ነው» ይል ነበር።

የባክቴሪያ ዘር ቆጣሪዎች የሚሠሩት የአጎቴን ሥራ ነው። የኤች ፓይሎሪ መጽሐፍ 1.6 ሚሊዮን ያህል ፊደል አለው፤ መጀመሪያ ተነብቦ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በተራባ ቁጥር ይገለበጣል፣ በተገለበጠ ቁጥር ይገደፋል። ሁለት ዘር አንድ ሆድ ውስጥ ከተገናኘ ደግሞ ገጽ ይለዋወጣሉ፤ ሁለት ናሙና ፊቱ ዘርግቶ ከዚህም ከዚያም እንደሚቀዳ ጸሐፊ። የካግ ሰፈርም የፊደሎቹ አሰካክ ከቀሪው መጽሐፍ ስለሚለይ፣ ከሌላ መጣፍ ተገንጥሎ የተሰፋ ጥራዝ እንደሆነ ይታወቃል። አንዳንድ የደቡባዊ አፍሪካ ዘሮች ያ ጥራዝ የላቸውም፤ ጥራዙ የተሰፋው እነሱ ከተለዩ በኋላ ነው።

ግድፈቶቹን ከዓለም ዙሪያ ሰብስበው ያነጻጸሩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ኔቸር መጽሔት ላይ ያወጡት ውጤት የገበሬውን ጥያቄ ይመልሳል። ባክቴሪያው ከምሥራቅ አፍሪካ ወደ ሌላው ዓለም የወጣው ከሰው ጋር፣ ከ58,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከምሥራቅ አፍሪካ በራቁ መጠን የዘሩ ዓይነት እየሳሳ ይሄዳል፤ የሰውም ዘር እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ፣ የሶማሊያና የሱዳን ሰዎች ጨጓራ ውስጥ የሚኖረው ዘር የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ የሚባል የራሱ ነገድ አለው። እንግዲህ ከየትም አልመጣብንም። እኛ ስንሆን ነበረ።

ወደ ፈረንጅ አገርም የሄደ ዘመድ አለው። እ.ኤ.አ. በ1991 በጣሊያንና በኦስትሪያ ድንበር በረዶ ውስጥ 5,300 ዓመት የቆየ የሰው ሬሳ ተገኝቶ ነበር፤ ኦትዚ ይሉታል። በ2016 ጨጓራው ውስጥ ኤች ፓይሎሪ መኖሩ ታወቀ፤ ከነካግ-ኤው፣ ከነኃይለኛው ቫክ-ኤ። የዛሬ አውሮፓውያን ባክቴሪያ ቅይጥ ነው፤ አንዱ ዘር ከእስያ ወገን፣ ሌላው ከሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ወገን ይዛመዳል። ኦትዚ ጋ ከሁለተኛው የተገኘው እምብዛም ነው። የእኛ ወገን በብዛት አውሮፓ የገባው ከእሱ ሞት ወዲህ መሆን አለበት። ይህን ሳነብ፣ አልዋሽም፣ ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ፤ ቀጥሎ አባቴ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

ባክቴሪያው ከሰው ወደ ሰው በብዛት የሚያልፈው በቤት ውስጥ፣ በልጅነት ነው። እናት አላምጣ ታጎርሳለች፣ ማንኪያ ትልሳለች፣ ልጅ ያስመለሰውን ታናሹ ይነካል። ቡታጅራ ላይ ከእርግዝና ጀምሮ ክትትል የተደረገላቸው ልጆች ሦስት ዓመት ሲሞላቸው 40 በመቶ ያህሉ ባክቴሪያውን ይዘው ተገኝተዋል። ስለዚህ ከአያት ለልጅ ልጅ እንደሚወረስ ጋቢ ነው። አንዳንዴ ከዚሁ ከአምባሰል ስላለችው ግሸን አስባለሁ። ነገሥታቱ የወንድ ልጆቻቸውን ሐረግ እስከ 1540 እ.ኤ.አ. ድረስ እዚያች አምባ ላይ ዘግተው ሲያኖሩ፣ ከእያንዳንዱ መስፍን ጋር የእናቱ ባክቴሪያ አብሮ ታስሮ ይሆናል። ከአምባው በታች ያለው የወሎ ሰው ደግሞ በተቃራኒው ተደበላልቋል፤ ተሁለደሬ የሚለው የወረዳችን ስም ራሱ ከወሎ ኦሮሞ የመጣ ነው፤ በአንድ ማዕድ የበላ ሁሉ ገጽ ተለዋውጧል። ይህ የላብራቶሪ ሰው ግምት ነው፣ ጥናት አይደለም። ቢሆንም አባቴና ሼሁ ሌሊት የተነሡበትን ምክንያት ከመሬት ሙግት ይልቅ በዚህ ብፈልገው ይሻለኛል።

ጾሙና በርበሬውስ? የቆሰለን ያቃጥላሉ፤ ያልቆሰለውን አያቆስሉም። የሚያቆስለው ሌላ ነገር አለ፤ ለወገብና ለጉልበት ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚዋጠው ዳይክሎፍናክ፣ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን። በሥራ ዘመኔ መጨረሻ ደም ሲያስመልሱ ካየኋቸው ሽማግሌዎች ብዙዎቹ ኪሳቸው ውስጥ ይህ ክኒን ነበረ።

የራሴንም ጥፋት ልናገር። ለዓመታት ስሠራበት የነበረው ከደም የሚወሰደው ስትሪፕ ነው። አንድ ጠብታ ደም፣ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ፣ 10 ደቂቃ፤ ሁለት ቀይ መሥመር ከወጣ «ፖዘቲቭ»። ያ ስትሪፕ የሚያየው ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሠራውን ጦር ነው፤ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ጦሩ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት አይበተንም። እኔ ይህን ልዩነት ሳልነግራቸው ስንቱን ድኖ የመጣ ሰው እንደ ገና ፖዘቲቭ ብዬ መልሻለሁ። አንድ የውርጌሳ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ዙር አንቲባዮቲክ ወሰደ፤ ሦስቱን የወሰደው በእኔ ወረቀት ነው። ግማሽ ሕዝብ በተሸከመው ነገር ላይ «አለብህ» ብሎ መጻፍ ብዙ አይናገርም። ቁም ነገሩ የተሸከመው የትኛው ዘር እንደሆነና አሁን ቁስል መኖር አለመኖሩ ነው። ዘሩን የሚለይ ምርመራ በየጤና ጣቢያው የለም፤ ከሰገራ የሚወሰደው የአንቲጅን ምርመራ ግን አለ፣ እሱ አሁን ያለውን ባክቴሪያ ነው የሚያሳየው።

ስለዚህ ላንባቢ የምለው ይህን ነው። ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ካለባችሁ አብሹን ጠጡ፣ ግን በእሱ አትቆዩ፤ የሰገራውን ምርመራ ጠይቁ። ባክቴሪያውን የሚያጠፉት ሁለት አንቲባዮቲክና አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ከታዘዙላችሁ የሚወሰዱት ከ10 እስከ 14 ቀን ነው፤ በአምስተኛው ቀን ተሻለኝ ብላችሁ ለጎረቤት አታካፍሉ። የብረት ክኒን የምትወስድ ነፍሰ ጡር ሰገራዋ ቢጠቁር አትደንግጥ። ከዚያ ውጪ ሰገራው እንደ ቅጥራን የጠቆረ ሰው ነውር ሳይል በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ። ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ በ1964ም አይሞላም ነበር።